በኢኤስፒ32 ሳይቆራረጥ ድምፅ ወደ ሚሞሪ ካርድ መቅዳት

ስለ ኢኤስፒ32፣ ማለትም ፕሮግራም ስለሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ኢኤስፒ32ን ከማይክና ከሚሞሪ ካርድ ጋር አገናኝቼ ድምፅ እቀዳለሁ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጥሩ ይሄዳል። ረዘም ሲል ግን ይቆራረጣል። አንዳንዴም ፋይሉ ዜሮ ባይት ሆኖ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ?» የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎች ይጠይቁኛል። የአያታቸውን ወግ ማስቀረት የሚፈልጉ አሉ። ሌሊቱን ሙሉ የወፍ ድምፅ ለመቅዳት የሚሞክሩም አሉ። የሁሉም መልስ አንድ ስለሆነ እነሆ በዝርዝር።

በመጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንወቅ። ሚሞሪ ካርድ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አይጽፍም። ውስጡ የራሱ ትንሽ ተቆጣጣሪ አለው። ያ ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ የድሮውን ሊያጠፋ፣ ቦታ ሊያስተካክል ሲል ሥራውን ያቆምና «ቆዩኝ» ይላል። በካርዶቹ ስታንዳርድ መሠረት ይህ ቆይታ እስከ 250 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ከ32 ጊጋ በላይ በሆኑ ካርዶች ደግሞ እስከ 500 ሚሊሰከንድ።

ድምፅ ግን አይጠብቅም። በሰከንድ 16,000 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልክ በቁጥር) የምትቀዱ ከሆነ፣ ካርዱ 250 ሚሊሰከንድ ሲያርፍ 4,000 ናሙና ይመጣል። ማቆያ (ዳታው ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ) ካላዘጋጃችሁለት ፈሶ ይቀራል። በጆሮ «ጠቅ» እያለ የሚሰማችሁ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ውድና ፈጣን ካርድ መግዛት ብቻውን የማይፈውሰው። ተራው «ክላስ 10» ካርድ እንኳ በተከታታይ ሲጽፍ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይችላል። እኛ የምንፈልገው በሰከንድ 32 ኪሎባይት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ ሁለት ኮር የኢኤስፒ32 ቦርድ፤ ተራው ዴቭኪት ይበቃል። 520 ኪሎባይት ራም አለው። አርዱዊኖ ኡኖ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ራሙ 2 ኪሎባይት ነው። ሙሉውን ለድምፅ ብትሰጡት እንኳ 64 ሚሊሰከንድ ብቻ ይይዛል።
- አይኤንኤምፒ441 ማይክ። ድምፁን ራሱ ወደ ዲጂታል ቀይሮ በአይቱኤስ (የዲጂታል ድምፅ ማስተላለፊያ) መስመር ይልካል። ስለዚህ የኢኤስፒ32ን የራሱን አናሎግ ማንበቢያ አንነካም። ያ ማንበቢያ ለድምፅ ብዙ ሹክሹክታ አለው።
- የማይክሮ ኤስዲ ሞጁል። ሁለት ዓይነት ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃ 3ን አንብቡ።
- ከ8 እስከ 32 ጊጋ የሆነ ሚሞሪ ካርድ። ከዚያ በላይ የሆኑት ሲመረቱ በኤክስፋት ፎርማት ነው የሚመጡት፤ ከአርዱዊኖ ጋር የሚመጣው የኢኤስፒ32 ላይብረሪ እንዳለ አያነባቸውም።
- አንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ሁለት 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር።
- አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር።
- አንድ ተጫኝ ቁልፍ፣ አንድ ኤልኢዲ፣ ለኤልኢዲው 330 ኦም ሬዚስተር።
- አጫጭር ጃምፐር ሽቦ፣ ብሬድቦርድ። ለረጅም ጊዜ ቀረጻ ካሰባችሁት መበየጃና ቀዳዳ ያለው ቦርድ።
- ካርድ ሪደር ያለው ኮምፒውተር፣ አርዱዊኖ አይዲኢ (ኮድ መጻፊያው) እና ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያው)።

ደረጃ 1፦ ካርዱን ፈትኑት

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ገበያ ላይ ላዩ «32 ጊጋ» ተብሎ ውስጡ 4 ወይም 8 ጊጋ የሆነ ካርድ አለ። ኮምፒውተሩም ተታልሎ 32 ጊጋ ብሎ ያሳያችኋል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ካርዱ ስህተት ሳይናገር የምትጽፉትን ይጥላል፤ ወይም የቀድሞውን ይደመስሳል። ኮዳችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚህ አያድናችሁም።

በዊንዶውስ «ኤችቱቴስትደብሊው»፣ በሊኑክስና በማክ ደግሞ «ኤፍ3» የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ካርዱን ሞልተው ጽፈው መልሰው ያነባሉ። በትልቅ ካርድ ላይ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ታገሡት። አንድ ስህተት እንኳ ከወጣ ካርዱን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት።

ካለፈ፣ የኤስዲ አሶሲዬሽን በሚያወጣው ነፃ ፎርማተር ፋት32 አድርጉት። የዊንዶውሱ ተራ ፎርማትም ይሠራል። ነገር ግን የአሶሲዬሽኑ ፕሮግራም ፋይሎቹን ከካርዱ የውስጥ ብሎኮች ጋር አስተካክሎ ያስቀምጣል። ያኔ ካርዱ የሚያርፍበት ጊዜ ይቀንሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርማት ሲደረግ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የቆየ ፎቶ ካለበት አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ደረጃ 2፦ የቀረጻውን ልክ ወስኑ

ለንግግር በሰከንድ 16,000 ናሙና፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ይበቃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 16,000 በ2 ባይት ሲባዛ በሰከንድ 32,000 ባይት ይሆናል። በሰዓት 115 ሜጋባይት ገደማ፣ በቀን 2.76 ጊጋ ነው። 32 ጊጋ ካርድ ከ11 ቀን በላይ ያስኬዳል።

ለሙዚቃ 44,100 ናሙና ብትመርጡ ሞኖው በሰከንድ 88,200 ባይት ይፈጃል። ይሠራል፤ ነገር ግን ማቆያችሁ የሚይዘው ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። መጀመሪያ በ16,000 አስተማማኝ አድርጋችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ወደ ታችም አትውረዱ። አይኤንኤምፒ441 ለእያንዳንዱ ናሙና 64 የሰዓት ምት (ክሎክ) ይፈልጋል፤ የሰዓቱ ፍጥነት ደግሞ ከ0.5 ሜጋኸርዝ ማነስ የለበትም። በ8,000 ናሙና 0.512 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ጠርዝ ላይ ነው። በ16,000 1.024 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ምቹ ነው።

ደረጃ 3፦ ሽቦውን አገናኙ

ማይኩ፦

- ቪዲዲ ወደ 3.3 ቮልት። 5 ቮልት ላይ ብትሰኩት ይቃጠላል።
- ጂኤንዲ ወደ ጂኤንዲ።
- ኤል/አር ወደ ጂኤንዲ። ይህ ማይኩን የግራ ቻናል ያደርገዋል። ሳይታሰር ከቀረ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እየሆነ ያስቸግራችኋል።
- ኤስሲኬ ወደ ፒን 26።
- ደብሊውኤስ ወደ ፒን 25።
- ኤስዲ ወደ ፒን 33።

የካርዱ ሞጁል፦

- ሲኤስ ወደ ፒን 5።
- ኤስሲኬ ወደ ፒን 18።
- ሚሶ ወደ ፒን 19።
- ሞሲ ወደ ፒን 23።

ቁልፉን በፒን 27 እና በጂኤንዲ መካከል አድርጉ። በኮድ የውስጡን ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን ፒኑን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ሬዚስተር) ክፈቱለት። ኤልኢዲው ከ330 ኦሙ ጋር ፒን 4 ላይ ይሁን። 10 ኪሎኦሙን ሬዚስተር በሲኤስና በ3.3 ቮልት መካከል አድርጉት። ቦርዱ ገና ሲነሳ ካርዱ ትርጉም የሌለው ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የማይኩ «ኤስዲ» ሚሞሪ ካርድ ማለት አይደለም፤ የዳታ መስመር ነው። «ኤስሲኬ» የሚል ጽሑፍም በሁለቱም ዕቃዎች ላይ አለ። ስም ስለተመሳሰለ አንድ ላይ አታገናኟቸው።

ፒን 12ን ለምንም አትጠቀሙበት። ቦርዱ ሲነሳ በፒን 12 ላይ ያለውን ቮልቴጅ አይቶ ነው የፍላሹን (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበትን ሚሞሪ) ኃይል የሚመርጠው። ከፍ ብሎ ካገኘው ቦርዱ አይነሳም። ከ6 እስከ 11 ያሉት ፒኖችም የፍላሹ ናቸው፤ አትንኳቸው። ከ34 እስከ 39 ያሉት ማስገቢያ ብቻ ናቸው፤ የውስጥ ፑልአፕም የላቸውም። ቁልፉን እነሱ ላይ ብታደርጉት በራሱ የተጫነ መስሎ ይታያል።

አሁን ስለ ሞጁሉ። አንደኛው ዓይነት ሶኬት ብቻ ነው፤ ከሶኬቱ ሌላ ብዙም ነገር የለበትም። እሱን ወደ 3.3 ቮልት ስኩት። ሁለተኛው ላዩ ላይ የቮልቴጅ ማውረጃ አለው፤ ከ5 ቮልት ወደ 3.3 ያወርዳል። ይህን ዓይነቱን 3.3 ላይ ብትሰኩት ማውረጃው 1.1 ቮልት ገደማ ይወስድና ለካርዱ 2.2 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። ካርዱ ግን ከ2.7 እስከ 3.6 ነው የሚፈልገው። አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም፣ መጻፍ ሲጀምር ይሞታል። ይህን ዓይነቱን ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ስጡት። ምርጫ ካላችሁ ሶኬት ብቻ የሆነውን ግዙ።

የካርዱ ሽቦዎች ከ10 ሳንቲሜትር አይብለጡ። ሽቦ ሲረዝም ምልክቱ ይበላሻል፤ ካርዱም ስህተት እያለ ይደጋግማል።

ደረጃ 4፦ ኃይሉን አስተካክሉ

ካርድ ሲጽፍ 100 ሚሊአምፔርና ከዚያም በላይ በድንገት ሊስብ ይችላል። ያ ድንገተኛ መሳብ ቮልቴጁን ለቅጽበት ያወርደዋል። ከዚያ ወይ ቦርዱ ይጠፋና ይነሳል፣ ወይ በድምፁ ውስጥ በየጊዜው «ትር ትር» የሚል ነገር ይገባል።

100 ማይክሮፋራዱን በካርዱ ሞጁል የኃይል ፒኖች ላይ አድርጉት፤ በተቻለ መጠን ተጠግቶ። አንዱን ሴራሚክ እዚያው፣ ሌላውን ማይኩ ላይ። የ100 ማይክሮፋራዱን ኔጌቲቭ እግር ልብ በሉ፤ ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል።

ዋይፋይና ብሉቱዝ በኮድ ይጥፉ። በምትቀዱበት ሰዓት አያስፈልጉም፤ የሚስቡት ኃይልም ብዙ ነው።

ፓወር ባንክ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አረጋግጡ። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኛ ዕቃ ደግሞ የሚስበው ትንሽ ነው። ለእውነተኛው ቀረጻ ከመውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስኪዳችሁ እዩት።

ደረጃ 5፦ ማይኩን ብቻውን ፈትኑ

ካርዱን ለጊዜው እርሱት። አይቱኤሱን በ16,000 ናሙና፣ በ32 ቢት፣ በግራ ቻናል ክፈቱት። የሚመጣውን ቁጥር በአርዱዊኖ ፕሎተር ላይ አሳዩ። ስታጨበጭቡ መስመሩ መዝለል አለበት።

ማይኩ እንደተከፈተ ለመጀመሪያዎቹ 262,144 የሰዓት ምቶች ዜሮ ብቻ ነው የሚልከው። በእኛ ፍጥነት ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰከንድ አንብባችሁ ጣሉት። ሁልጊዜ ዜሮ ብቻ ካያችሁ በኮዱ ግራውን በቀኝ ቀይራችሁ ሞክሩ። አንዳንድ የላይብረሪ ስሪቶች ላይ ሁለቱ ተገላብጠዋል።

የአይኤንኤምፒ441 የድምፅ ቀዳዳ ከታች በኩል ነው። በሞጁሉ ላይ ቺፑ ከተበየደበት በተቃራኒው ገጽ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ብሬድቦርዱ ላይ ተጭኖ ከተደፈነ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ስትበይዱም የሶልደር ጭስና ፍላክስ እንዳይገባባት በቴፕ ሸፍኗት፤ ኋላ ላይ ቴፑን ማንሳት እንዳትረሱ።

ደረጃ 6፦ ካርዱን ብቻውን ፈትኑ

አሁን ማይኩን ተዉት። 4,096 ባይት የሆነ ማንኛውንም ዳታ 10,000 ጊዜ ወደ አንድ ፋይል ጻፉ። እያንዳንዱ አጻጻፍ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደፈጀ ለኩ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ረጅሙን ያዙ። የሚያስፈልገን ረጅሙ ነው።

ጥሩ ካርድ ላይም አማካዩ ጥቂት ሚሊሰከንድ ሆኖ ረጅሙ በመቶዎች ሊሆን ይችላል። ረጅሙ ከአንድ ሰከንድ ካለፈ ካርዱን ቀይሩት። የኤስፒአይ (ቦርዱና ካርዱ የሚነጋገሩበት መስመር) ፍጥነቱን በ4 ሜጋኸርዝ ጀምሩ፤ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ፍጥነት መጨመር ቆይታውን አያጠፋውም፤ በብሬድቦርድ ላይ ደግሞ ስህተት ያበዛል።

ደረጃ 7፦ ማቆያውን ሥሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ኮድ እንዲህ ነው፦ ከማይክ አንብብ፣ ወደ ካርድ ጻፍ፣ ተመለስ። ካርዱ ሲያርፍ ኮዱም አብሮ ይቆማል፤ ከማይክ የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት።

አንዱ ታስክ (ለብቻው የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል) ከማይክ ብቻ ያነባል። ከፍ ያለ ቅድሚያ ስጡት። ከካርዱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ጽሑፍ እንኳ ወደ ሲሪያል አያትምም። ሁለተኛው ታስክ ወደ ካርድ ብቻ ይጽፋል። በሌላኛው ኮር ላይ፣ ዝቅ ባለ ቅድሚያ ይሂድ። በሁለቱ መካከል ማቆያ ይኑር፤ ባፈር የሚባለው ነው።

ይህን ከባዶ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ኢኤስፒ32 በሚሠራበት ፍሪአርቶስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ውስጥ «ስትሪም ባፈር» የሚባል ዝግጁ ነገር አለ። አንድ የሚያስገባና አንድ የሚያወጣ ብቻ እስካለ ድረስ ተጨማሪ መቆለፊያ አይፈልግም። የእኛ ጉዳይ ልክ እንደዚያ ነው።

መጠኑን 65,536 ባይት አድርጉት። በሰከንድ 32,000 ባይት ስንቀዳ 2 ሰከንድ ይይዛል። ስታንዳርዱ ከሚፈቅደው 250 ሚሊሰከንድ ስምንት እጥፍ ነው። የአይቱኤሱን የራሱን የዲኤምኤ ማቆያም (ዳታው ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ በቀጥታ የሚገባበትን) 8 ክፍል፣ እያንዳንዱ 512 ናሙና አድርጉት። ይህ ተጨማሪ 256 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። አንባቢው ታስክ ትንሽ ቢዘገይ እንኳ ምንም አይጠፋም።

ማቆያው ከሞላስ? አንባቢው ታስክ በፍጹም መቆም የለበትም። ስትሪም ባፈሩ «ቦታ የለም» ሲል ሳይጠብቅ ይለፍ፤ ስንት ናሙና እንደጣለ ግን በቁጥር ይያዝ። ቦታ ሲገኝ ያንኑ ያህል ዜሮ ያስገባ። እንዲህ ሲሆን ቢያንስ የቀረጻው ሰዓት አይዛባም፤ 40ኛው ደቂቃ ላይ የተባለው 40ኛው ደቂቃ ላይ ይገኛል። ዝም ብሎ የሚጥል ኮድ ችግሩን ይደብቅባችኋል፤ ያ ደግሞ ከመቆራረጡ የባሰ ነው።

ማቆያውን ፕሮግራሙ ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ ፍጠሩት። በየመሃሉ ሚሞሪ እየያዛችሁ የምትለቁ ከሆነ ራሙ ይበጣጠሳል፤ ከሰዓታት በኋላም ቦርዱ ድንገት ይነሳል።

ደረጃ 8፦ 32 ቢቱን ወደ 16 ቀይሩ

ማይኩ 24 ቢት ድምፅ በ32 ቢት ቦታ ውስጥ፣ ወደ ላይኛው በኩል አስጠግቶ ይልካል። ወደ 16 ለማውረድ 16 ቢት ወደ ቀኝ መግፋት ትክክል ይመስላል። እንዲያ ሲደረግ ግን ድምፁ በጣም ይደክማል። ምክንያቱ ይህ ነው። ማይኩ በ94 ዴሲቤል ድምፅ ከጣሪያው (ሊያወጣው ከሚችለው ከፍተኛ ልክ) 26 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ነው የሚያወጣው። ሰው አንድ ሜትር ርቆ ሲያወራ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ከጣሪያው 60 ዴሲቤል ያህል ወርዶ ይቀመጣል።

መፍትሔው 12 ቢት ብቻ መግፋት ነው። እያንዳንዱ የተተወ ቢት 6 ዴሲቤል ስለሚሰጥ ድምፁ በ24 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ከዚያ ውጤቱ ከ32,767 ካለፈ 32,767 ላይ፣ ከ32,768 ኔጌቲቭ ከወረደ እዚያው ላይ ያዙት። ይህን ካልያዛችሁ ጮክ ያለ ድምፅ ሲመጣ ቁጥሩ ተገልብጦ ጆሮ የሚበጣ ድምፅ ይወጣል። ለከበሮ ወይም ለመድረክ ቀረጻ 14 ቢት ግፉ።

ማይኩ ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ቋሚ ቁጥርም ይጨምራል። ቀለል ያለ ሃይፓስ ፊልተር (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ) ካስገባችሁ ይጠፋል። ፊልተሩን ቢቱን ከመግፋታችሁ በፊት አድርጉት።

ደረጃ 9፦ የዋቭ ፋይሉን በትክክል ጻፉ

የዋቭ ፋይል መጀመሪያ ላይ 44 ባይት ሄደር (ስለ ፋይሉ የሚናገር መግቢያ) አለው። በውስጡ መጠን የሚነገርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ባይት 4 ላይ የፋይሉ ሙሉ መጠን ሲቀነስ 8 ይጻፋል። ባይት 40 ላይ የድምፁ ብቻ መጠን ይጻፋል።

ፋይሉን በ10 ደቂቃ እየቆረጣችሁ ቅዱ። የአንድ ፋይል የድምፅ መጠን 19,200,000 ባይት ይሆናል። ቀድሞ ስለሚታወቅ ፋይሉ ሲከፈት ሄደሩን በትክክለኛው ቁጥር ጻፉት። ሲሞላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል አያስፈልግም። መስተካከል ያለበት በመሃል የቆመው የመጨረሻው ፋይል ብቻ ነው።

ካርዱ ዳታ የሚይዘው በ512 ባይት ሴክተር ነው። 44 ባይት ለብቻው ከጻፋችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከሴክተሩ ጋር አይገጥምም፤ ካርዱ አንድ ሴክተር እያነበበ እያስተካከለ ደግሞ ይጽፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጭነት 44 ባይት ሄደርና 4,052 ባይት ድምፅ አድርጉት፤ ድምሩ 4,096። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ 4,096 ጻፉ። የፋይሉ የመጨረሻ ጭነት ብቻ አጭር ይሆናል።

የፋይሉን ስም በቁጥር ብቻ ስጡት፤ 00001፣ 00002 እያለ ይሂድ። የመጨረሻውን ቁጥር ቦርዱ ሲነሳ አንድ ጊዜ ፈልጉ። በየ10 ደቂቃው «ይህ ስም አለ ወይ?» ብሎ ማሰስ ፋይሎቹ ሲበዙ ጊዜ ይበላል። ብዙ ቀን ለመቅዳት ካሰባችሁ በየቀኑ አዲስ ፎልደር ይከፈት።

ደረጃ 10፦ መብራት ቢጠፋስ?

ፋይል ስትጽፉ ድምፁ ካርዱ ላይ ይቀመጣል። «ይህ ፋይል ይህን ያህል ነው» የሚለው ምዝገባ ግን የሚጻፈው ፋይሉ ሲዘጋ ወይም በግልጽ ስታስመዘግቡት ነው። ሳይመዘገብ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ ዜሮ ባይት ይሆናል። እኔ ራሴ የአንዲት ትልቅ ዘመዳችንን ወግ ሁለት ሰዓት ቀድቼ ሽቦውን ነቅዬ አጠፋሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ባዶ ነበር። ያንን ወግ ድጋሚ አላገኘሁትም።

ስለዚህ በየ10 ሰከንዱ ፋይሉን አስመዝግቡ፤ በኮድ ፍለሽ የሚባለው ትእዛዝ ነው። መብራት ቢጠፋ የምታጡት ከ10 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በየጭነቱ ግን አታድርጉት። እያንዳንዱ ምዝገባ የካርዱን ማውጫ ደግሞ ደጋግሞ ያስጽፋል፤ ካርዱን ያደክመዋል፣ የሚያርፍበትንም ጊዜ ያበዛዋል።

ደረጃ 11፦ ማቆሚያ ቁልፍ

ቁልፉ ሲጫን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንባቢው ታስክ ይቆማል። ጻፊው ታስክ ማቆያው ውስጥ የቀረውን ሁሉ ይጽፋል። የሄደሩ ሁለት ቁጥሮች ይስተካከላሉ። ፋይሉ ይዘጋል። ከዚያ ኤልኢዲው ይጠፋል። ለሚጠቀመው ሰው አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ ኤልኢዲው ሳይጠፋ ሽቦም ካርድም አይነቀል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፋይሉን በ«መጨመሪያ» ሁኔታ ከከፈታችሁት ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ ሄደሩን ማስተካከል አትችሉም። የቱም ቦታ ሂዱ፣ የምትጽፉት መጨረሻው ላይ ነው የሚገባው። በተራው የመጻፊያ ሁኔታ ክፈቱት፤ ሳትዘጉትም አስተካክሉት። ዘግታችሁ በዚያው ሁኔታ ደግማችሁ ብትከፍቱት ደግሞ የተቀዳው ሁሉ ይሰረዛል።

ደረጃ 12፦ ሌሊቱን ሙሉ ፈትኑት

ሁለት ደቂቃ ሠራ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። በካርዱ ላይ አንድ የማስታወሻ ፋይል ይኑር። አዲስ የድምፅ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሦስት ነገር ይመዝገብበት፦ ቦርዱ ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ፣ ማቆያው እስከ ስንት ባይት ሞልቶ እንደነበር፣ ስንት ናሙና እንደተጣለ።

ማታ አስነሱት፤ ከ8 ሰዓት በኋላ አቁሙት። 48 ሙሉ ፋይል መኖር አለበት። በሁለት ፋይሎች መካከል ያለው ጊዜ 600,000 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሁን። ከፋይል ፋይል ትንሽ ልዩነት ቢኖር ችግር የለውም። አንዱ ብቻ ተነጥሎ በብዙ ከረዘመ ግን እዚያ ላይ ናሙና ጠፍቷል። የተጣለው ቁጥር ዜሮ፣ የማቆያው ከፍተኛ ሙላት ከግማሽ በታች ከሆነ አስተማማኝ ነው። ከግማሽ ካለፈ ካርዱን ቀይራችሁ ድገሙት።

ሌላም ፈተና አለ፤ እኔ በጣም የማምነው ነው። ማይኩ የሚልከውን በ1 እየጨመረ በሚሄድ ቁጥር ተኩት፤ 65,535 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለስ። ሌሊቱን ይቅዳ። ጠዋት በኮምፒውተር እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ካለው በ1 መብለጡን የሚያይ አጭር ፕሮግራም አስኪዱ። ጆሮ የማይሰማው አንድ ናሙና እንኳ ቢጎድል ይያዛል።

የተለመዱ ስህተቶች

ካርዱ ጨርሶ አይነሳም። በብዛት ምክንያቱ ኃይል ነው፤ የሞጁሉን ዓይነት ተመልከቱ። ቀጥሎ የሽቦ ርዝመት።

ድምፁ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ይሰማል። በሄደሩ ላይ የተጻፈው የናሙና ፍጥነትና አይቱኤሱ የተከፈተበት አይመሳሰሉም። ወይም ሁለት ቻናል እየቀዳችሁ ሞኖ ነው ብላችኋል።

ነጭ ጫጫታ ብቻ ይሰማል። የባይት ቦታ ተንሸራቷል። ሄደሩ 44 ባይት መሆኑን፣ ማቆያው ውስጥ የሚገባውም ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ባይት መሆኑን አረጋግጡ።

ቦርዱ በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል። በሲሪያል ላይ «ብራውንአውት» የሚል መልእክት ካያችሁ ቮልቴጁ ወርዷል። የዩኤስቢ ገመዱን ቀይሩ። ቀጭን ገመድ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነው።

ያለ ሄደር የቀረ ፋይል ካጋጠማችሁ

ሄደሩ ቢበላሽም ድምፁ ካለ ይድናል። መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ። ኦዳሲቲን ክፈቱ። ከማስገቢያው ዝርዝር ውስጥ ጥሬ ዳታ የሚለውን ምረጡ። 16 ቢት ሳይንድ፣ ሊትል ኢንዲያን፣ ሞኖ፣ 16,000 ኸርዝ በሉት። መዝለያው ላይ 44 ባይት ጻፉ። የሚሰማው ንግግር ከሆነ ወዲያው እንደ አዲስ ዋቭ አስቀምጡት። ጫጫታ ከሆነ መዝለያውን 45 አድርጋችሁ ድገሙት።